ካርቦን ስለሚባለው ንጥረ ነገር፤ በምድጃና በከዋክብት መካከል ስለሚገኝበት መልክ

ይህን ትምህርት እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ስለ ሆነ፥ ከሁሉ አስቀድሜ እርሱን መናገር ይገባኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት መጻሕፍት ላደርስ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሄጄ ሳለሁ፥ መምህሩ ለተማሪዎቹ ጥቂት ቃል እንድናገር ለመኑኝ። ያን ጊዜም አንድ ቀጭን የሳይንስ መጽሐፍ አንብቤ ነበርና፥ ሊቅ የሆንሁ መስሎኝ ስለ ከሰል ማስተማር ጀመርሁ። «ከሰል ከዕንጨት ይገኛል፤ ዕንጨትም ከአፈር ይወጣል፤ ስለዚህ ከሰል የአፈር ልጅ ነው» አልሁ። ተማሪዎቹም ቃሌን በየደብተራቸው ጻፉት።

በበሩ አጠገብ ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን እጃቸውን አንሥተው፥ «ልጄ፥ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በወጣትነቴ የተከልሁትን ዋርካ ዛሬ ሦስት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው አያቅፉትም። ያ ሁሉ ዕንጨት ከአፈር የወጣ ከሆነ፥ በሥሩ ትልቅ ጕድጓድ ሊኖር በተገባ ነበር። ጕድጓዱ የታለ?» አሉኝ። እኔም መልስ ስላጣሁ፥ አላውቅም ማለትም ስላሳፈረኝ፥ «አባቴ፥ መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ብዬ አለፍሁ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ የሳቁትም በእኔ ሳይሆን በሽማግሌው ነበረ። ሽማግሌው ምንም ሳይመልሱ ዱላቸውን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከመጻሕፍት ስመረምር፥ ሽማግሌው ታላላቅ ሊቃውንት የጠየቁትን ጥያቄ እንደ ጠየቁ፥ እኔ ግን ሐሰት እንዳስተማርሁ ዐወቅሁ። መልሱንም ስከተለው ከአፈር ወደ አየር፥ ከአየርም ወደ ከዋክብት የሚያደርስ ረዥም መንገድ ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዓመት ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ስለ ካርቦን መልኮች

በቀድሞው ትምህርታችን ግዙፍ ፍጥረት ሁሉ ከአራቱ ባሕርያት፥ ይኸውም ከእሳት ከነፋስ ከውኃና ከመሬት እንደ ተሠራ ተምረናል። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ደግሞ በበኩላቸው እያንዳንዱን ነገር እየፈቱ ሲመረምሩ፥ ከዚያ በላይ ወደ ሌላ ነገር የማይፈታውን «ንጥረ ነገር» ብለው ስም አውጥተውለት፥ እስከ ዛሬ 118 ዓይነት ቈጥረዋል። ከነዚህ አንዱ ካርቦን ነው። የንጥረ ነገር ታናሹ ቅንጣት አቶም ይባላል፤ አቶሞችም እየተጣመሩ ሞለኪውል ይሆናሉ።

ካርቦን እንግዳ ነገር አይደለም። በልጅነቴ ከጽሕፈት መምህሬ ዘንድ ቀለም መበጥበጥ ስማር፥ ከድስትና ከምጣድ ሥር ጥላሸት እየፋቅን፥ ከተቈላ እህል ዱቄት ጋር አዋሕደን፥ በውኃ አርሰን ብዙ ቀን እየለወስን እናቈየው ነበር። ያ ጥላሸት ከሞላ ጐደል ካርቦን ነው። ካርቦን በአየርና በብርሃን በቀላሉ ስለማይለወጥ፥ በብራና ላይ የተጻፈው ጥቍር ፊደል ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ እንኳ ጥቍረቱን ሳይለቅ ይነበባል።

ተማሪዎች የሚጽፉበት እርሳስም እንደዚሁ ነው። ስሙ ግን ያሳስታል፤ እርሳስ የሚባለው ከባዱ ማዕድን በውስጡ የለም። በውስጡ ያለው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ከሸክላ ጭቃ ጋር ተደባልቆ የተተኰሰ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ደግሞ አልማዝ ካርቦን መሆኑ ነው። ስሚትሰን ቴናንት የተባለ እንግሊዛዊ በ1797 አልማዝን አቃጥሎ፥ ክብደቱ እኩል የሆነ ከሰል ሲቃጠል የሚሰጠውን ያህል ጋዝ እንደሚሰጥ አረጋገጠ። እንዲህ ያለ ሙከራ ለማድረግ ልቡ የጨከነ ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ሆኖ ሳለ መልኩ የሚለያየው አቶሞቹ በተያያዙበት ሥርዓት ምክንያት ነው። በግራፋይት አቶሞቹ በመሶብ ውስጥ እንደ ተደራረበ እንጀራ በገጽ በገጽ ተነጥፈዋል፤ ገጾቹም እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለማይያያዙ፥ በወረቀት ላይ ሲሻሹ እየተላጡ ይቀራሉ። በአልማዝ ግን እያንዳንዱ አቶም አራት ጐረቤቶቹን ከየአቅጣጫው ጨብጦ ስለ ያዘ ከድንጋይ ሁሉ የጠነከረ ሆነ። ጥላሸት ደግሞ የተቀዳደደ እንጀራ እንደ ተከመረ ያለ ነው። እነዚህን ሦስት መልኮች ያዙልኝ፤ ሦስቱንም ከምድር ውጭ እናገኛቸዋለንና።

ስለ ጕድጓዱ

ቫን ሄልሞንት የተባለ የፍላንደርስ ሰው፥ ከሞተ በኋላ በ1648 በታተመው መጽሐፉ እንደ ጻፈው፥ 200 ፓውንድ የደረቀ አፈር በትልቅ ገንቦ ውስጥ አድርጎ፥ ክብደቱ 5 ፓውንድ የሆነ ችግኝ ተከለበት። አምስት ዓመት ውኃ ብቻ ካጠጣው በኋላ ዛፉን ቢመዝነው 169 ፓውንድ ሆነ፤ አፈሩን አድርቆ ቢመዝነው ግን የጐደለው 2 አውንስ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ ፓውንድ ስምንተኛው እጅ ነው። ይህ የሽማግሌው ጥያቄ በሚዛን የተጠየቀ ነው። ቫን ሄልሞንት ግን ዛፉ ሁሉ ከውኃ እንደ ተሠራ አድርጎ ፈረደ፤ እኔ በአፈር እንደ ተሳሳትሁ እርሱ በውኃ ተሳሳተ ማለት ነው።

እውነቱን ሌሎች ቀስ በቀስ አገኙት። ያን ኢንገንሃውስ በ1779 ቅጠል አየርን የሚለውጠው በብርሃን ጊዜ እንደ ሆነ ጻፈ፤ የስዊሱ ኒኮላ ቴዎዶር ደ ሶሱርም በ1804 የተክል ክብደት ከአየሩ ካርቦንና ከውኃ እንደሚመጣ በሚዛን አስረዳ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል፥ አንድ ካርቦን ከሁለት ኦክሲጅን ጋር የተጣመረበት የማይታይ ጋዝ በአየር ውስጥ አለ፤ መጠኑም ከአሥር ሺህ እጅ አራት እጅ ያህል ነው። ቅጠል በፀሐይ ኀይል ይህን ጋዝ ፈትቶ ካርቦኑን ዕንጨትና ፍሬ ያደርገዋል። ከአፈር የመጣው፥ ዕንጨቱ ተቃጥሎ ሲያልቅ በምድጃ የሚቀረው ጥቂት ዐመድ ነው።

ስለዚህ ለዋርካው የተቈፈረው ጕድጓድ በአየር ውስጥ ነው፤ ነፋስም እየሞላው አይታይም። የጤፉም ነገር እንደዚሁ ነው። የምንበላው ካርቦን ሥጋችን ይሆናል፤ ከሰው ክብደት ከመቶው እጅ 18 ያህሉ ካርቦን ስለ ሆነ፥ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 11 ኪሎ ያህል ይሸከማል።

እንግዲህ ዕንጨቱ ከአየር መጣ ብንል፥ የአየሩ ካርቦን ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ከእሳተ ገሞራ፥ ከባሕር፥ ከኖራ ድንጋይ፥ ከሚቃጠልና ከሚበሰብስ ነገር ይመጣል። በምድር ላይ ሲዟዟር ይኖራል እንጂ በምድር ላይ አልተሠራም። ምድር ስትፈጠር ካርቦኑ አስቀድሞ ነበረና፥ የተሠራበትን ምድጃ ከምድር ውጭ መፈለግ ግድ ነው።

ስለ ከዋክብት ምድጃ

ፀሐይና ከዋክብት የሚያበሩት እንደ ዕንጨት ተቃጥለው አይደለም። በፀሐይ መካከል ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ነው፤ በዚያ ግለት ሃይድሮጅን የሚባለው ቀላሉ ንጥረ ነገር አራት አራቱ እየተዋሐደ ሂሊየም ይሆናል፤ ከዚያም የሚተርፈው ኀይል ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ኮከብ አርጅቶ በመካከሉ ያለው ሃይድሮጅን ሲያልቅ፥ እምብርቱ ተጨምቆ መቶ ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ይግላል። ያን ጊዜ ሂሊየሙ ራሱ መዋሐድ ይጀምራል፤ ሦስት ሂሊየም አንድ ካርቦን ይሆናል።

ነገሩ በቃል ቀላል ቢመስልም፥ ሊቃውንትን ብዙ አስቸግሯል። ሁለት ሂሊየም ቢገናኙ የሚወለደው ቤሪሊየም ዓይን ከመጨፈን እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ይፈርሳል። ሦስተኛው መድረስ ያለበት ሁለቱ ሳይለያዩ ነው። ኤድዊን ሳልፒተር በ1952 ይህ በከዋክብት ውስጥ ሊሆን እንደሚችል አሳትሞ ነበር፤ ነገር ግን ሲሰላ የሚወጣው ካርቦን እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ።

በ1953 ፍሬድ ሆይል የተባለ እንግሊዛዊ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳለ እንዲህ ብሎ አሰበ፦ ካርቦን በዓለም ሞልቶ ይታያል፤ እኛም ከእርሱ ተሠርተናል፤ እንግዲያስ የካርቦን እምብርት ሦስቱን ሂሊየም ሲገናኙ የሚቀበልበት፥ ልኩ የታወቀ አንድ የኀይል ደረጃ ሊኖረው ይገባል። ይህን ይዞ ወደ ዊልያም ፎውለር የሙከራ ቤት ሄደና ደረጃው ይኖራል ያለበትን ቦታ በቍጥር ነገራቸው። በዚያ የነበሩት ሰዎች መጀመሪያ ተጠራጠሩ፤ ሲለኩት ግን ካለበት ብዙ ሳይርቅ አገኙት። እኔ ከዚህ ሁሉ ትምህርት ለተማሪ ልንገረው የምለው ከሁሉ በፊት ይህን ነው፤ ስለ ምን ቢባል፥ የሆይል አሳብ ከሽማግሌው አሳብ ጋር አንድ ዓይነት ነውና። አንዱ «ዛፉ አለ፤ ጕድጓዱ የታለ?» አለ፤ ሁለተኛው «ካርቦኑ አለ፤ በሩ የታለ?» አለ። ፎውለር በ1983 የኖቤል ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ሲቀበል ሆይል አለመካፈሉ ብዙዎችን አሳዝኗል።

በካርቦኑ ላይ ሌላ ሂሊየም ቢጨመርበት ደግሞ ኦክሲጅን ይሆናል። በዓለም ሁሉ ውስጥ በአቶም ቍጥር ብዛት ሃይድሮጅን አንደኛ፥ ሂሊየም ሁለተኛ፥ ኦክሲጅን ሦስተኛ፥ ካርቦን አራተኛ ነው።

ስለ ከዋክብት ጥላሸት

በኮከብ ሆድ የተሠራው ካርቦን በዚያ ተዘግቶ ቢቀር ለእኛ አይደርስም ነበር። ነገር ግን ኮከቡ ሲያረጅ ተነፍቶ እጅግ ይሰፋል፤ የሚፈላ ሽሮ ከሥሩ ያለውን ወደ ላይ እንደሚያወጣ፥ ኮከቡም ካርቦኑን ወደ ገጹ ያወጣዋል። ከዚያም የላይኛው ክፍሉ እየበረደ ወደ ጠፈር ይተንናል።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ። ካርቦንና ኦክሲጅን ሲገናኙ አንድ ለአንድ ተጣምረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሆናሉ፤ ጥንዳቸውም በቀላሉ አይፈታም። ኮከቡ ኦክሲጅን የሚበዛበት ከሆነ ካርቦኑ ሁሉ በጥንድ ይያዛል፤ የተረፈው ኦክሲጅንም ከሌሎች ጋር ሆኖ አሸዋ የሚመስል ትቢያ ይሆናል። ካርቦን የሚበዛበት ከሆነ ግን የሚተርፈው ካርቦን ነው፤ እርሱም ጥላሸት ይሆናል።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ኵራዝ አብርታችሁ፥ የሸክላ ስብር በመቈንጠጫ ይዛችሁ በነበልባሉ ውስጥ ብታቈዩት ይጠቍራል። አየር ሲያጥረው ያልተቃጠለው ካርቦን ያረፈበት ነው። የኮከቡ ጥላሸት የቃጠሎ ትራፊ አይደለምና አሠራሩ በሁሉ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም፤ ነገር ግን ኦክሲጅን ያላገኘው ካርቦን ጥላሸት ይሆናል የሚለው ነገር ለሁለቱም እውነት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በተነሣበት ስፍራ ደግሞ ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥለው የሚተኙትን ሰዎች የሚገድላቸው ይኸው ጋዝ ነው። መልክም ሽታም የለውም፤ ፍሙ ጭስ የለውም ማለት ጋዝ የለውም ማለት አይደለም። ተማሪዎች ከዚህ ትምህርት ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን አይርሱ።

በሩቅ ያለውን ካርቦን ሳይነኩት እንዴት ዐወቁት ቢባል፥ በብርሃን ነው። የኮከብን ብርሃን በሦስት ማዕዘን መስታወት አሳልፈው እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጉት፥ በቀለማቱ መካከል ጥቍር ጥቍር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመሮች አሉት፤ የሰው ማኅተም ባለቤቱን እንደሚያሳውቅ መስመሮቹም ንጥረ ነገሩን ያሳውቃሉ። አንጀሎ ሴኪ የተባለ በሮም የነበረ ቄስና የከዋክብት ተመራማሪ በ1868 አንዳንድ ቀያይ ከዋክብት የካርቦን ምልክት እንዳለባቸው አስተዋለ። ከነዚህ ዓይነት አንዱን፥ ከኦሪዮን በታች ባለው «ጥንቸል» በሚባለው የከዋክብት ክፍል ያለውን፥ ጆን ራስል ሃይንድ በ1845 አይቶት ነበር፤ ቅላቱም በጥቍር ሰማይ ላይ እንደ ደም ጠብታ መሰለው። ቀይ የሚያደርገው ካርቦኑ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያስቀርበት ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን «የሰሜን አክሊል» በተባሉት ከዋክብት መካከል ያለው አንዱ ነው። በግንቦትና በሰኔ፥ ደመና በሌለበት ምሽት፥ ይህ የከዋክብት ክፍል ከራሳችን በላይ ወደ ሰሜን ጥቂት ዘንበል ብሎ ይታያል። ኤድዋርድ ፒጎት የተባለ እንግሊዛዊ በ1795 እንዳስተዋለው፥ በአክሊሉ ውስጥ ያለ፥ ጥሩ ዓይን ላለው ሰው በጭንቅ የሚታይ አንድ ኮከብ፥ ወራት ወይም ዓመታት እንደ ወትሮው ሲያበራ ይቈይና፥ ማንም ሊተነብየው በማይችልበት ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይደበዝዛል። ሲብስበትም ከሺህ እጅ አንድ እጅ እንኳ ብርሃን አይቀርለትም። ከዚያም ቀስ እያለ ይመለሳል። ሎሬታ የተባለው በ1934፥ ኦኪፍ የተባለውም በ1939 ምክንያቱን ሲገልጹ፥ ኮከቡ የጥላሸት ደመና ተፍቶ ራሱን ይሸፍናል፤ ጥላሸቱ ሲበተን ደግሞ ይገለጣል አሉ። እስከ ዛሬም የጸናው ይህ ትርጓሜ ነው። በ2007 የጀመረው መደብዘዝ ከታወቁት ሁሉ የረዘመ ሆኖ ብዙ ዓመት ቈየ። የፋኖስ መስታወት በራሱ ጭስ እንደሚጠቍር ማለት ነው፤ ልዩነቱ የዚህን ፋኖስ መስታወት የሚወለውል ሰው አለመኖሩ ነው።

በከዋክብት መካከል ስላለው ደመና

ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፥ በሚያዝያና በግንቦት ከእኩለ ሌሊት በኋላ፥ ፍኖተ ሐሊብ የሚባለውን ነጭ መንገድ ለተማሪዎቻችሁ አሳዩአቸው። በመካከሉ ጥቋቍር ስንጥቆች አሉ። ኮከብ የሌለበት ባዶ ስፍራ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የጋዝና የትቢያ ደመናዎች ናቸው። ከትቢያውም አንዱ ክፍል ያ ከዋክብት የተፉት ጥላሸት ነው።

በጋዙ ውስጥ ካርቦን ብዙ ዘመድ አፍርቷል። ካርቦንና ሃይድሮጅን የተጣመሩበት ሞለኪውል በ1937 ታወቀ። በ1970 ደግሞ ዊልሰን፥ ጄፈርትስና ፔንዚያስ በአሪዞና በተተከለ የራዲዮ መቀበያ፥ ከኦሪዮን ሦስቱ ከዋክብት በታች እንደ ጉም በሚታየው ስፍራ ካርቦን ሞኖክሳይድን አገኙ። በ1975 ደግሞ በፍኖተ ሐሊብ መካከል አካባቢ ባለ ደመና ውስጥ የአረቄው አልኮል ተገኘ፤ ይህን የሰማ አንድ ወዳጄ መንገዱ ሩቅ መሆኑ ለብዙ ቤት ደኅንነት ሆነ አለኝ።

ካርቦን በዚያ ያለ ሥራ አይቀመጥም። አዲስ ኮከብ የሚወለደው እንዲህ ያለው ደመና በራሱ ክብደት ሲወድቅና ሲጨመቅ ነው። የተጨመቀ ጋዝ ግን ይሞቃል፤ የሞቀም ተመልሶ መስፋት ይሻል፤ ስለዚህ ሙቀቱን የሚያወጣለት ካላገኘ አይጨመቅም። ካርቦንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሙቀቱን ለዓይን በማይታይ ብርሃን አድርገው ወደ ውጭ ይለቁታል። በደመናው ጥልቅ ውስጥም ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። እንግዲህ ያረጁት ከዋክብት የለቀቁት ካርቦን ለሚወለዱት አዋላጅ ሆነ ማለት ነው።

በ1985 ደግሞ ማንም ያልጠበቀው አራተኛ መልክ ተገኘ። ሃሪ ክሮቶ የተባለ እንግሊዛዊ፥ በካርቦን ከዋክብት አጠገብ ምን ዓይነት ሞለኪውል ሊሠራ እንደሚችል ለማወቅ ፈልጎ፥ በአሜሪካ በሂውስተን ወደ ነበሩት ወደ ስሞሊና ወደ ከርል ዘንድ ሄደ። ግራፋይትን በኀይለኛ ብርሃን መትተው በሂሊየም ውስጥ ሲያተንኑት፥ ስድሳ አቶም ያለው የካርቦን ሞለኪውል ከሌላው ሁሉ በዝቶ ወጣ። ቅርጹን ሲፈልጉ ኳስ ሆኖ አገኙት፤ 12 ባለ አምስት ማዕዘንና 20 ባለ ስድስት ማዕዘን ገጽ ያለው፥ ልጆች እንደሚጫወቱበት የተሰፋ የቆዳ ኳስ ነው። ለዚህም በ1996 ሦስቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የከዋክብትን ነገር ፈልገው በምድር ላይ አገኙት፤ ከ25 ዓመት በኋላ በ2010 ደግሞ ስፒትዘር በተባለው በጠፈር በነበረው ቴሌስኮፕ፥ ሟች ኮከብ በለቀቀው ጋዝ ውስጥ ኳሱ ራሱ ታየ። ከዚህም ሌላ በከዋክብት ብርሃን ላይ ከ1919 ጀምሮ የተስተዋሉ፥ ባለቤታቸው ያልታወቀ ብዙ መስመሮች አሉ፤ በ2015 በባዝል ከተማ በተደረገ ልኬት፥ ከዚህ ዓይነት መስመሮች ሁለቱ የዚሁ ኳስ እንደ ሆኑ ተረጋገጠ። የቀሩት መቶዎች ገና ባለቤት ይጠብቃሉ።

ከሰማይ ስለ ወደቁ ድንጋዮች

እስከ አሁን የተናገርነው በብርሃን የታወቀውን ነው። በእጅ የተያዘ ምስክርም አለ። በ1969 አንድ ትልቅ ድንጋይ በሜክሲኮ አየንዴ በተባለው ስፍራ፥ በዚያው ዓመት ሌላው በአውስትራልያ መርቺሰን በተባለው ስፍራ ወደቀ። በ1987 ሊቃውንት ከአየንዴው ድንጋይ ብዙውን ክፍል በአሲድ አሟሙተው የቀረውን ሲመረምሩ፥ አልማዝ አገኙ። ነገር ግን አንዱ ቅንጣት አንድ ሺህ ያህል አቶም ብቻ ስላለው፥ ከዚህ አልማዝ ቀለበት የሚያሠራ አይገኝም። ከመርቺሰኑ ድንጋይ ደግሞ ግራፋይትና፥ ካርቦን ከሲሊኮን ጋር የተጣመረበት እጅግ ጠንካራ ቅንጣት ወጣ። ከነዚህ ጠንካራ ቅንጣቶች አንዳንዶቹ ፀሐይ ከመፈጠርዋ በፊት በሌሎች ከዋክብት አጠገብ የተሠሩ መሆናቸው ታወቀ፤ በ2020 በታተመው ምርምር ከሁሉ የሸመገለው 7 ቢሊዮን ዓመት ያህል ሆኖ ተገምቷል። ፀሐይ ግን ዕድሜዋ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ነው። እንግዲህ ከፀሐይ የሚበልጥ ሽማግሌ በብልቃጥ ውስጥ ተቀምጦ አለ።

የሰው ልጅ የሚወድቀውን በመጠበቅ ብቻ አልተወሰነም። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት መንኰራኵር በ2020 ቤኑ ከተባለች፥ በፀሐይ ዙሪያ ከምትዞር ትንሽ ዓለት ላይ ትቢያ ዘግኖ፥ በ2023 በዩታ ምድረ በዳ አወረደ። ክብደቱ 121.6 ግራም ነበረ። በ2025 እንደ ተገለጠው፥ በዚህ ጥቍር ትቢያ ውስጥ፥ የሕያዋን ሥጋ ፕሮቲን ከሚሠራባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱ ተገኝተዋል፤ የዘር ምልክት በሚጻፍበት ሞለኪውል ውስጥ እንደ ፊደል የሚያገለግሉት አምስቱም ተገኝተዋል። ይህን ሲሰሙ ሕይወት ከሰማይ ወረደ ብለው የሚቸኩሉ አሉ። መምህራን ግን እንዲህ እንዳያስተምሩ እለምናለሁ፤ ጡብና ጭቃ በአንድ ስፍራ መገኘቱ ቤት ተሠራ ማለት አይደለምና። የተገኘው፥ ለሕይወት የሚያስፈልገው የካርቦን ውሕድ ያለ ሕይወትም በጠፈር መሠራቱ ነው።

ሽማግሌውን ደግሜ ስላገኘሁበት ቀን

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ወደዚያ ትምህርት ቤት ተመልሼ ሄድሁ። ሽማግሌው በሕይወት ነበሩ። መምህሩን አስፈቅጄ ተማሪዎቹን ወደ ዋርካው ጥላ አወጣኋቸውና በሽማግሌው ፊት ቆሜ፥ «አባቴ፥ ያን ጊዜ እርስዎ ትክክል ነበሩ፤ እኔ ተሳስቼ ነበር። ዕንጨቱ የመጣው ከአየር ነው፤ የአየሩም ካርቦን የተሠራው በከዋክብት ውስጥ ነው» አልሁና ከላይ የጻፍሁትን በአጭሩ ነገርኋቸው። ኵራዝና የሸክላ ስብር ይዤ ነበርና ጥላሸቱንም አሳየኋቸው። እርሳቸውም በጣታቸው ነክተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ከዋክብቱ ይህን የሠሩበት ሂሊየም ያልኸው ደግሞ ከየት መጣ?» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ መጽሐፉ እንዲህ ይላል ብዬ አላለፍሁም። ሊቃውንት እንደሚሉት አብዛኛው ሂሊየም ዓለም መስፋት በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፥ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት እንደ ተሠራ ነገርኋቸው፤ ከዚያ በፊት ስላለው ግን የማውቀው እንደሌለኝ ተናገርሁ። «እንግዲህ ተቀመጥ» ብለው ቦታ ሰጡኝ።

ከዚህ በኋላ መምህሩ የተማሪዎቹን ደብተር ቢያመጡ፥ እኔ ያስተማርኋቸው ልጆች በዚያ አልነበሩም። ከፊሉ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተሻግረዋል፤ ከፊሉም ወደ ከተማ ሄደዋል፤ ጽሑፉንም ይዘውት ሄደዋል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ከተማሪዎቻችሁ አንዱ «ዕንጨት ከአፈር ይወጣል» የሚል አሮጌ ደብተር ይዞ ቢመጣ፥ ስሕተቱ የእኔ ነውና ልጁን ሳትገሥጹ «ከአፈር» የሚለውን ሠርዛችሁ «ከአየር» ብላችሁ ጻፉለት።